ጥያቄው ደሴ፣ መሣሪያው ባሕር ማዶ፦ የነጠላ ሞለኪውል ምርምር፣ የፕሮቲን ዝግመተ ለውጥና በወሎ የጎደለው የድኅረ ዶክትሬት ደረጃ

ደሴ ውስጥ የአክታ ናሙናው በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ የተመረመረለት የቲቢ ታማሚ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት መልስ ሊያገኝ ይችላል። አንደኛው ባክቴሪያው መኖሩን ወይም አለመኖሩን፣ ሁለተኛው ደግሞ ባክቴሪያው ካለ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱን ወይም አለመላመዱን የሚገልጽ ነው። መሣሪያው ሁለተኛውን መልስ የሚያገኘው አር ፒ ኦ ቢ በተባለው ዘረ መል ውስጥ የምትገኝን 81 የዲ ኤን ኤ ፊደላት ያሏትን ቁራጭ በመመርመር ነው። በዚያች ቁራጭ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለውጥ የአንድ ፊደል ለውጥ ሲሆን፣ በዚህም ሳቢያ በፕሮቲኑ ውስጥ ሴሪን የነበረው አሚኖ አሲድ ሉሲን ይሆናል፤ መድኃኒቱም የሚጣበቅበትን ቦታ ያጣል። ለሐኪሙ ይህ በቂ ነው፤ ሕክምናውን ይቀይራል። ለተመራማሪው ግን ጉዳዩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝ የተባለው ይህ ፕሮቲን የዲ ኤን ኤን መልእክት ወደ አር ኤን ኤ የሚገለብጥ፣ ባክቴሪያው ያለ እርሱ ሊኖር የማይችል ሞተር ነው፤ ታዲያ አካሉ ተለውጦ እንዴት ሥራውን ቀጠለ? ለለውጡ ምን ዋጋ ከፈለ? ዋጋውንስ ቆይቶ በምን አካካሰው?

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣው የምርምር መስክ በሁለት እግሮች የቆመ ነው፤ አንዱ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ የሚያስተውል ፊዚክስ ሲሆን፣ ሌላው ፕሮቲኖች በዘመናት ውስጥ እንዴት እንደተለወጡ የሚያጠና ሥነ ሕይወት ነው። ሁለቱንም የተካነ ሰው ከመደበኛው ትምህርት ብዙ ጊዜ አይወጣም። ፊዚክስ ያጠናው ፕሮቲን አጣርቶ አያውቅም፤ ባዮኬሚስትሪ ያጠናው ደግሞ ሌዘር አስተካክሎ አያውቅም። ስለዚህ መስኩ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች፣ ማለትም ዶክትሬታቸውን በአንዱ ወገን ጨርሰው ለተወሰኑ ዓመታት በሌላው ወገን ቤተ ሙከራ እየሠሩ በሚማሩ ሰዎች ነው። የሂዩማን ፍሮንቲየር ሳይንስ ፕሮግራም ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከሒሳብና ከምሕንድስና ወደ ሕይወት ሳይንስ ለሚሻገሩ ባለዶክትሬቶች ለብቻው የተለየ ድጋፍ የሚሰጠውም ይህን ክፍተት በመገንዘብ ነው። በእኔ እምነት ወሎ በዚህ መስክ የራሱ ድርሻ እንዳይኖረው ያደረገው የመሣሪያ እጦት ብቻ አይደለም። ጥያቄው፣ ናሙናውና የተማረው ሰው በአካባቢው እያሉ ሦስቱን የሚያገናኘው የሥራ ደረጃ ግን የለም።

ነጠላ ሞለኪውል ማየት ለምን አስፈለገ? በተለመደው የባዮኬሚስትሪ ሙከራ በአንድ ጠብታ ውስጥ እጅግ ብዙ ቢሊዮን ኢንዛይሞች፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ በአንድነት ይሠራሉ፤ የሚለካውም የጋራ ውጤታቸው ነው። በደሴ ሰኞ ገበያ በአንድ ቀን የተሸጠውን ጤፍ ጠቅላላ መጠን የሚያውቅ ሰው አንዱ ነጋዴ ገና በጠዋቱ ሸጦ መጨረሱን፣ ሌላው ግን ገዢ አጥቶ መዋሉን ከዚያ ቁጥር ሊረዳ እንደማይችል ሁሉ፣ አማካይ ልኬትም እያንዳንዱ ሞለኪውል የሚቆምበትንና የሚፋጠንበትን ጊዜ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኮሌስትሮል ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም አንድ በአንድ የተከታተሉ ተመራማሪዎች የአንዱ ሞለኪውል ፍጥነት ራሱ በጊዜ ሂደት እንደሚዋዥቅ፣ ፈጣን ዙርም ሌላ ፈጣን ዙርን የማስከተል ዝንባሌ እንዳለው አሳይተዋል። ይህ በአማካይ ልኬት ፈጽሞ የማይታይ ነው። ለዝግመተ ለውጥ ጥናት ደግሞ ነገሩ የበለጠ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም አንድ ሚውቴሽን (የዘረ መል ለውጥ) የኢንዛይሙን አማካይ ፍጥነት ሳይነካ የሚያርፍበትን ጊዜ ወይም የሚሳሳትበትን መጠን ሊለውጥ ይችላል።

መሣሪያዎቹ ቀስ በቀስ የተገኙ ናቸው። ኔርና ሳክማን እ.ኤ.አ. በ1976 በአንዲት የሕዋስ ሽፋን ቁራጭ ላይ አንድ የአዮን ቦይ፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች የሚያልፉበት የፕሮቲን ቀዳዳ፣ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ለኩ። በ1986 አርተር አሽኪንና ባልደረቦቹ በቤል ቤተ ሙከራዎች በአንድ የሌዘር ጨረር ብቻ ጥቃቅን እንክብሎችን ይዞ የሚያቆይ የብርሃን ወረንጦ ሠሩ፤ አሽኪን በዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ2018 በ96 ዓመቱ ነው። በ1996 ደግሞ ከአንዱ ፍሎረሰንት ቀለም ወደ ሌላው የሚተላለፈውን ጉልበት በማየት በአንድ ሞለኪውል ላይ የሚገኙ ሁለት ነጥቦች ሲቀራረቡና ሲራራቁ መከታተል ተቻለ፤ ዘዴው የሚሠራው ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በሚደርስ ርቀት ላይ ነው። በዚህ ዓለም ኃይል የሚለካው በፒኮኒውተን ሲሆን፣ አንድ ፒኮኒውተን የአንዲት ቀይ የደም ሕዋስ ክብደት ያህል ነው። በሕዋስ ውስጥ ጭነት የሚያጓጉዘው ኪኔሲን የተባለው ፕሮቲን በእያንዳንዱ እርምጃ 8 ናኖሜትር ይሄዳል፤ ወደ 6 ፒኮኒውተን የሚጠጋ ተቃራኒ ኃይል ሲገጥመው ግን ይቆማል። ሁለቱን ቁጥሮች ያባዛ ሰው የሕዋስ ነዳጅ የሆነው አንድ የኤ ቲ ፒ ሞለኪውል ሲሰበር ከሚለቀው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ወደ ሥራ መለወጡን ይደርስበታል።

ወደ ሪፋምፒሲን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች አንድ የኢ. ኮላይ (የአንጀት ባክቴሪያ) አር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝ በዲ ኤን ኤ ላይ ሲጓዝ ከአንዱ ፊደል ወደ ቀጣዩ የሚሻገርበትን እርምጃ በብርሃን ወረንጦ ለዩ። በሁለት ፊደላት መካከል ያለው ርቀት 0.34 ናኖሜትር ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው የአየር መዋዠቅ እንኳ ጨረሩን ስለሚያወዛውዘው የሌዘሩን መንገድ በሂሊየም ጋዝ መሙላት አስፈልጓቸው ነበር። ከዚያ በፊት በተደረጉ ተመሳሳይ ሙከራዎች ይህ ሞተር እስከ 25 ፒኮኒውተን የሚደርስ ኃይልን ተቋቁሞ እንደሚጓዝ፣ በየመንገዱም ለአጭር ጊዜ ደጋግሞ እንደሚቆም ታውቋል። በኢ. ኮላይ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ሪፋምፒሲንን ለመቋቋም ከሚያስችሉት ለውጦች አንዳንዶቹ ኢንዛይሙን ያዘገዩታል፤ ሌሎቹ ያፈጥኑታል። ዋጋው እንግዲህ ይህ ነው። በቲቢ ባክቴሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጂኖም ጥናትም መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች በሌላው የኢንዛይሙ ክፍል፣ በአር ፒ ኦ ሲ ላይ ተጨማሪ ለውጦችን እንደሚያከማቹና እነዚህ ለውጦች የመጀመሪያውን ጉዳት እንደሚያካክሱ አመለከተ። ለሕዝብ ጤና ይህ ከባድ ዜና ነው፤ ጉዳቱን ያካካሰ ባክቴሪያ መድኃኒቱ ቢቆም እንኳ ተሸናፊ አይሆንም። ከደሴ ብዙ በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ታማሚዎች ሲታከሙ ቆይተዋል። በአካባቢው የሚዘዋወሩት ባክቴሪያዎች የትኛውን የማካካሻ ለውጥ እንደያዙ መጠየቅ ስለዚህ ከሕክምናው የራቀ የቅንጦት ጥያቄ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለብዙ አንባቢ ይበልጥ ቅርብ ነው። ሴፍትሪያክሶን በአገራችን ሆስፒታሎች በብዛት ከሚታዘዙት የመርፌ አንቲባዮቲኮች አንዱ ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ሴፎታክሲም ይባላል። እነዚህን መድኃኒቶች ከሚያፈርሱት ኢንዛይሞች መካከል የአንዱ ቤተሰብ ምንጭ ቴም 1 ቤታ ላክታሜዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግሪክ ውስጥ ከአንድ ታማሚ ከተወሰደ ባክቴሪያ ተለይቶ የታወቀ ነው። ቴም 1 ፔኒሲሊንንና አምፒሲሊንን በቀላሉ ያፈርሳል፤ በሴፎታክሲም ላይ ግን አቅሙ እጅግ ደካማ ነው። አምስት ለውጦች ሲደመሩበት ግን ባክቴሪያው ሴፎታክሲምን የመቋቋም አቅሙ ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ያድጋል። አምስቱ ለውጦች አንድ በአንድ የሚመጡ ከሆነ ሊከተሉ የሚችሉት ቅደም ተከተል 120 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የእነዚህን ለውጦች ጥምረቶች ሁሉ ሠርተው ሲፈትኑ 102ቱ መንገዶች ዝግ ሆነው ተገኙ፤ በመካከል የባክቴሪያውን የመቋቋም አቅም የማይጨምር ወይም የሚቀንስ እርምጃ አለባቸውና። ክፍት የሆኑት 18 ብቻ ነበሩ።

መንገዶቹን የሚዘጋው ምንድን ነው? መልሱ በፕሮቲኑ አካል ውስጥ ነው። በ238ኛው ቦታ ላይ ግላይሲን በሴሪን ሲተካ ኢንዛይሙ ለሴፎታክሲም የሚሆን ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ ነገር ግን የመታጠፍ ጽናቱ፣ ማለትም ቅርጹን ጠብቆ የመቆየት አቅሙ፣ ይቀንሳል። በ182ኛው ቦታ ላይ ሜቲዮኒን በትሪዮኒን ሲተካ ብቻውን የሚያመጣው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከመጀመሪያው ለውጥ ቀጥሎ ሲመጣ ግን የጠፋውን ጽናት ይመልሳል። የሁለቱም ዋጋ የሚታወቀው በቅደም ተከተላቸው ነው። ከዚህ ተነሥቶ ዝግመተ ለውጥ ሙሉ በሙሉ የሚተነበይ ነው ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የሚሄድባቸው መንገዶች ጥቂት መሆናቸው በሆስፒታል ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ቀጣይ እርምጃው ወዴት ሊሆን እንደሚችል ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይሰጣል። የነጠላ ሞለኪውል ፊዚክስም የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ የፕሮቲንን መታጠፍና መፈታት በቀጥታ ጎትቶ መለካት ይችላልና። እ.ኤ.አ. በ2005 በበርክሊ ራይቦኑክሌዝ ኤች የተባለውን ፕሮቲን በብርሃን ወረንጦ የጎተቱ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑ ሙሉ ቅርጹን ከመያዙ በፊት የሚያርፍበትን መካከለኛ ቅርጽ ለማየት በቅተዋል።

አንዳንድ ቡድኖች ከዚህም ርቀው ወደ ጥንቱ ተመልሰዋል። የዛሬዎቹን ፕሮቲኖች ቅደም ተከተል አነጻጽሮ የጠፋውን ቅድመ አያት መገመት እንደሚቻል ፓውሊንግና ዙከርካንድል እ.ኤ.አ. በ1963 ጽፈው ነበር፤ ዛሬ የተገመተውን ቅደም ተከተል በሰው ሠራሽ ዘረ መል አሠርቶ ፕሮቲኑን በእጅ መያዝ ይቻላል። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት እስከ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚሄዱ ቲዮሬዶክሲን የተባለውን ፕሮቲን ሰባት ቅድመ አያቶች አስነሥቶ እያንዳንዱን ሞለኪውልን በቀጭን ጫፍ በሚጎትተው በአቶሚክ ኃይል ማይክሮስኮፕ ፈተነ፤ ጥንታውያኑ ከዛሬዎቹ እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ልዩነት ሙቀትን የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ። በ2013 ደግሞ ከ2 እስከ 3 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ የሚገመትላቸው የቤታ ላክታሜዝ ቅድመ አያቶች ተነሥተው፣ ከዘመናዊው ቴም 1 የበለጠ ጽናትና ብዙ ዓይነት አንቲባዮቲክ የማፍረስ ችሎታ እንዳላቸው ታየ። ኢንዛይሞቹ እንግዲህ ከመድኃኒት ቤትም ከሆስፒታልም እጅግ የቀደሙ ናቸው፤ የእኛ ዘመን አስተዋጽኦ ምርጫውን ማፋጠኑ ነው። እርግጥ የሚነሣው ቅድመ አያት ግምት ነው፤ በአንዳንድ ቦታዎች ላይ የትኛው አሚኖ አሲድ እንደነበረ በእርግጠኝነት መናገር ስለማይቻል ጥንቁቅ ቡድኖች ከአንድ በላይ አማራጭ ሠርተው ይፈትናሉ።

መስኩን ከልክ በላይ ማድነቅም አይገባም። በአብዛኛው የሚለካው ከሕዋስ ወጥቶ የተጣራ፣ ቀለም ወይም እንክብል የተያያዘበት ፕሮቲን ነው፤ የሚለኩት ሞለኪውሎች ጥቂት ናቸው፤ አንድ ጥሩ ልኬት ለማግኘት ሳምንታት ያልፋሉ። ከላይ የተጠቀሰው የ120 መንገዶች ውጤት እንኳ የተገኘው ባክቴሪያን በመድኃኒት ውስጥ በማሳደግ እንጂ በሌዘር አይደለም። አንድ ወጣት ተመራማሪ ሙያውን በዚህ መሣሪያ ላይ ከመገንባቱ በፊት ጥያቄው በእርግጥ ነጠላ ሞለኪውል ማየት የሚጠይቅ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ከዚህ በመነሣት ደሴ ላይ የብርሃን ወረንጦ ይገዛ ማለት ዛሬ ትክክለኛ ጥያቄ አይመስለኝም። እንዲህ ያለ መሣሪያ በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ጠረጴዛ ላይ፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ምድር ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ የእግር ኮቴ እንኳ ያውከዋል። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው ዋና መንገድ ደሴን ሰንጥቆ ያልፋል፤ የመብራት መቆራረጡም ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። በዚያ ላይ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ በተያዙበት ወቅት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም ግቢዎች ተዘርፈዋል፤ ለመሠረታዊ ትምህርት የሚያስፈልጉት ቤተ ሙከራዎች ሳይሟሉ ለአንድ ሰው ጥናት ውድ መሣሪያ መግዛት ለመከላከል የሚያስቸግር ውሳኔ ይሆናል።

አንድ ለየት ያለ ነገር ግን አለ። ሚናየን የተባለው የኦክስፎርድ ናኖፖር ኩባንያ የዲ ኤን ኤ ማንበቢያ መሣሪያ በራሱ የነጠላ ሞለኪውል ፊዚክስ ውጤት ነው፤ የዲ ኤን ኤ ፈትል በአንዲት የፕሮቲን ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ የሚለዋወጠውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ያነባል፤ ፈትሉን የሚያሳልፈውም ሌላ የሞተር ፕሮቲን ነው። ለዓመታት ያገለገለው ቀዳዳ መነሻው የኢ. ኮላይ ፕሮቲን ሲሆን ለዚህ ሥራ እንዲመች በሚውቴሽን ተሻሽሏል፤ የፕሮቲን ለውጥ ጥናትና የነጠላ ሞለኪውል ልኬት በአንድ ዕቃ ውስጥ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ክብደቱ ከ100 ግራም ያንሳል፤ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ጊኒ ውስጥ የኢቦላን ስርጭት ለመከታተል በሻንጣ ተወስዶ አገልግሏል። አስቸጋሪው ክፍል ሌላ ነው፦ የሚገጠምለት ቀዳዳዎቹን የያዘ ክፍል ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፣ ቶሎ ያልቃል፣ በውጭ ምንዛሪም ይገዛል።

የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች የሚገኙባቸው የደሴና የኮምቦልቻ አቀማመጥ ለሥራ ክፍፍል የተመቸ ነው። ደሴ ላይ የሕክምናና የጤና ሳይንስ ኮሌጁ ከሆስፒታሉ ጋር ይገኛል፤ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያዎቹ በደሴ ታማሚዎች ላይ ስለተገኙ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ለዓመታት ሲያሳትሙ ቆይተዋል። ጥናቶቹ በአብዛኛው የትኛው ባክቴሪያ የትኛውን መድኃኒት በስንት በመቶ እንደተላመደ የሚነግሩን ሲሆኑ፣ የትኛው ሚውቴሽን በምን ቅደም ተከተል እንደመጣ ወደሚለው አይገቡም። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን እናገኛለን፤ ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካልና የኮምፒውተር ዘርፎች ያሉት ነው። የነጠላ ሞለኪውል መረጃ ትንተና፣ ማለትም ከሚንቀጠቀጥ መስመር ውስጥ እርምጃዎችን የመለየት ሥራ፣ ከባዮሎጂ ይልቅ ለሲግናል ትንተና የቀረበ ነው። ዲዛይኑ በነጻ የታተመው ስምፍቦክስ የተባለው የነጠላ ሞለኪውል ማይክሮስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2020 በሼፊልድ ተመራማሪዎች ይፋ ሆኗል፤ ክፍሎቹ ርካሽ ባይሆኑም በምሕንድስና ተማሪዎች ሊገጣጠሙ የሚችሉ ናቸው። የፕሮቲን ዝግመተ ለውጡ ወገን ደግሞ ከኮምፒውተር፣ ከኢንተርኔትና ከትዕግሥት የዘለለ ብዙ አይጠይቅም፤ ከ200 ሚሊዮን በላይ በኮምፒውተር የተተነበዩ የፕሮቲን ቅርጾችን የያዘው የአልፋፎልድ የመረጃ ቋት ለሁሉም ክፍት ነው።

እንግዲህ የጎደለው ሰውየው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተለመደው መሰላል ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ፕሮፌሰር የሚወጣ ነው፤ ድኅረ ዶክትሬት በዚህ መሰላል ላይ ራሱን የቻለ እርከን የለውም። ዶክትሬቱን የጨረሰ መምህር በቀጥታ ረዳት ፕሮፌሰር ይሆናል፤ የማስተማር ጫናውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ከዶክትሬት በኋላ ለሁለት ዓመት ምርምር ብቻ እሠራለሁ የሚል ሰው ያለው ምርጫ መሄድ ነው፤ ከሄደ በኋላ ደግሞ የለመደው መሣሪያ በሌለበት፣ የሠራው ሥራ በማዕረግ በማይቆጠርበት ቦታ ተመልሶ መቀመጥ ይከብደዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ መንግሥት በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ከለያቸው ስምንቱ መካከል አለመመደቡም እንዲህ ያለ ቦታ ለመክፈት የሚጠየቀውን ድፍረት ከፍ ያደርገዋል። በሌላ በኩል የውጭ ዕድሎች የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ለማንኛውም አገር ዜጋ ክፍት ቢሆንም፣ ከዶክትሬት በኋላ ባለፈው ጊዜ ላይ ገደብ ያስቀምጣል። ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ የሚያልፈው ዓመት ከዚህ ገደብ ላይ ሊቀነስ ይችላል።

ሊሞከር የሚችለው ቅርጽ ከባድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው አንድ ወይም ሁለት የድኅረ ዶክትሬት ቦታዎችን ለሁለት ዓመት ከፍቶ፣ ሰውየው ጊዜውን ከፍሎ ደሴ ላይ ባክቴሪያዎችን እየሰበሰበ፣ ኮምቦልቻ ላይ መረጃ እየተነተነ፣ ለተወሰኑ ወራት ደግሞ መሣሪያው ባለበት የውጭ ቤተ ሙከራ እየለካ እንዲሠራ ማድረግ ይችላል። በቲቢ በኩል አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አዲስ አበባ ላይ የረጅም ጊዜ ልምድ አለው፤ አደገኛ ባክቴሪያ የሚያዝበትን ሥራ ደሴ ላይ እንደ አዲስ መጀመር አያስፈልግም።

በውሉ ላይ ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት እንደሚፈረም የሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻችን ያውቃሉ። በዚህ መስክ ግን ናሙናው ከደሴ ላይወጣ ይችላል፤ የባክቴሪያው ዘረ መል ቅደም ተከተል በኢሜይል ከተላከ የውጭው ቤተ ሙከራ ጂኑን በሰው ሠራሽ መንገድ አሠርቶ ፕሮቲኑን በራሱ ማምረት ይችላል፤ ለዚህም አንዲት ጠብታ ናሙና አያስፈልገውም። ስለዚህ ስምምነቱ ከብልቃጡ ይልቅ ስለ ቅደም ተከተሉ መናገር ይኖርበታል፦ መቼ ይፋ እንደሚሆን፣ ከእርሱ የተሠራው ፕሮቲን የማን እንደሆነ፣ በሌዘር የተለካው ጥሬ መረጃ ቅጂ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ በጽሑፉ ላይም ጥያቄውን ያነሣው ሰው ስም በስንተኛ ቦታ እንደሚሰፍር፣ ይህ ሁሉ ሰውየው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ተጽፎ መፈረም አለበት።